ከኤስኪውኤል ሰርቨር ወደ ፖስትግሬስ የሚጭን ጆብ፦ መጀመሪያ አልገናኝ አለ፣ አሁን ደግሞ ቀኖቹን እየጣለ ነው

ከዚራ_ዳታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ድሬዳዋ አንድ የእህልና የሸቀጥ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። መጋዘኑ ለዓመታት የተጠቀመበት የሽያጭ ፕሮግራም አለ፣ ዳታው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ላይ ነው ያለው። ሐረር ያለው ቅርንጫፍ ሌላ ሰው የሠራለትን ፕሮግራም ነው የሚጠቀመው፣ የሱ ደግሞ ማይኤስኪውኤል ነው። አለቃዬ የሁለቱን ሽያጭ በአንድ ሪፖርት ማየት ይፈልጋል። እኔም አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ አቋቁሜ፣ ማታ ማታ ከሁለቱም እየጎተተ የሚጭን ጆብ በታለንድ (ዳታ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በሚያሻግር ፕሮግራም) ጀመርኩ።

የሐረሩ በመጀመሪያው ቀን ሠራ። የድሬው ግን ይኸው ሦስት ቀን ጨጓራዬን ላጠው። ኤረሩ "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" ነው የሚለው። ፖርቱን (ሰርቨሩ የሚያዳምጥበትን የበር ቁጥር) 1433 ብዬ ሰጥቻለሁ፣ ፓስወርዱን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰርቨሩ ፊት ቁጭ ብዬ በማኔጅመንት ስቱዲዮ፣ በራሱ በኤስኪውኤል ሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ ስገባ ይከፍታል፣ ከላፕቶፔ ስሞክር ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ፋየርዎሉን ጭራሽ አጥፍቼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ምን ልሞክር?

አሸዋ_ኔት፦

አቦ መጀመሪያ ፋየርዎሉን መልሰህ አብራው። ችግሩ እሱ ጋ አይደለም፣ ኤረሩ ራሱ ነግሮሃል።

"ሪፊውዝድ" ሲልህ ጥያቄህ ማሽኑ ድረስ ደርሷል፣ ግን በዛ ፖርት ላይ ጆሮ የሰጠ ፕሮግራም የለም ማለት ነው። ፋየርዎል ቢሆን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይውጠዋል፣ አንተም ጠብቀህ ጠብቀህ "ታይምድ አውት" ነው የምታየው። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ኤክስፕረስ ሲጫን ቲሲፒ አይፒው ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንተ እዛው ማሽን ላይ ሆነህ ስትገባ በኔትወርክ አይደለም የምትገባው፣ ሼርድ ሜሞሪ በሚባለው በጓዳ በር ነው። ለዛ ነው እዛ የሚሠራልህ፣ ከውጭ ግን የማይሠራልህ። ሌላው ደግሞ ኤክስፕረስ ራሱን በስም ነው የሚጭነው፣ በስም የተጫነ ደግሞ ፖርቱን እየለዋወጠ ነው የሚነሳው። 1433 ላይ ነው ያለው ብለህ መገመት አትችልም።

ሰርቨሩ ላይ ኮንፊገሬሽን ማናጀርን ክፈት። ፕሮቶኮሎች ውስጥ ገብተህ ቲሲፒ አይፒውን ኢኔብል አድርገው። ከዛ የአይፒ አድራሻዎች ገጽ ላይ ወደ ታች ውረድ፣ መጨረሻ ላይ "አይፒ ኦል" የሚል አለ። ዳይናሚክ ፖርት የሚለውን ሳጥን ባዶ አድርገው፣ ዜሮም እንዳትተው። ከሥሩ ያለው ላይ 1433 ጻፍ። ሰርቪሱን ሪስታርት ካላደረግከው ምንም አይለወጥም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚረሳው። ሲያልቅ ፋየርዎሉ ላይ 1433ን ብቻ ክፈት፣ ለላፕቶፕህ አይፒ ብቻ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ከላፕቶፕህ ፓወርሼል ላይ ቴስት ኔትኮኔክሽን በሚባለው ትዕዛዝ ፖርቱን ፈትሸው። ይሄ "ትሩ" ሳይል ታለንድን አትንካው። ኔትወርኩ ሳይሠራ የጆብ ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ከዚራ_ዳታ፦

ወንድሜ ዕድሜ ይስጥህ። ፖርቱ አሁን "ትሩ" ይላል። አንድ በር ተከፈተ። ሌላ ግን መጣ፦ "ፒኬአይኤክስ ፓዝ ቢልዲንግ ፌይልድ" የሚል ረጅም የጃቫ ኤረር። ሰርተፍኬት ምናምን ይላል። እኔ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አልጫንኩም።

የጁገል_ልጅ፦

አዲሱን የማይክሮሶፍት ጄዲቢሲ ድራይቨር (ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን) ነው የጫንከው። ከ10.2 ጀምሮ ኢንክሪፕት የሚለው ቅንብር ሳትነካው "ትሩ" ነው። ከዛ በፊት "ፎልስ" ነበር። ስለዚህ ድራይቨሩ መስመሩን ሊያመሰጥር ይሞክራል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ራሱ ለራሱ የሠራውን ሰርተፍኬት ያሳየዋል፣ ጃቫም ይሄን ማን ፈረመው ብሎ ይመልሰዋል።

የኮኔክሽን መስመሩ ጫፍ ላይ ትረስት ሰርቨር ሰርቲፊኬት ትሩ ብትለው ያልፋል። ይህን የምልህ ላፕቶፕህና ሰርቨሩ አንድ ቢሮ፣ አንድ ስዊች ላይ ስለሆኑ ነው። ከድሬ ሐረር በኢንተርኔት ለሚሄድ መስመር እንዲህ እንዳታደርግ፣ ማንም መሃል ገብቶ እኔ ሰርቨሩ ነኝ ቢል ይታመናል ማለት ነው። ለዛ ሰርተፍኬቱን ጃቫው ውስጥ አስገባው ወይ ቪፒኤን ተጠቀም።

ከዚህ ቀጥሎ "ሎግኢን ፌይልድ" 18456 ከመጣብህ ደግሞ ፓስወርድ ነው ብለህ አትቸኩል። ለአንተ የሚያሳይህ አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ ነው። ትክክለኛው ምክንያት ሰርቨሩ ላይ ባለው የኤረር ሎግ ውስጥ ስቴት በሚል ቁጥር ተጽፏል። 8 ከሆነ ፓስወርዱ ተሳስቷል። 5 ከሆነ እንደዛ የሚባል ተጠቃሚ የለም። 58 ከሆነ ሰርቨሩ የዊንዶውስ አካውንት ብቻ ነው የሚቀበለው።

ከዚራ_ዳታ፦

58! ልክ እንዳልሽው መጣ። እኔ እዛ ማሽን ላይ በዊንዶውስ አካውንት ነበር የምገባው፣ ልብ አላልኩትም። ሁለቱንም እንዲቀበል አድርጌ ሪስታርት አደረግኩት፣ ገባሁ። ለጆቡም ማንበብ ብቻ የሚችል የራሱን ተጠቃሚ ፈጠርኩለት። እህቴ እናመሰግናለን።

ዛሬ ማታ ሙሉውን እጭናለሁ።

ከዚራ_ዳታ፦

ተመልሻለሁ። ጆቡ መሃል ላይ ሞተ። የሽያጭ ቀኑ አሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ነው የተቀመጠው፣ ቀን/ወር/ዓመት እየተባለ። እኔ ወደ ዴት እየቀየርኩ ነው የምጭነው። አንዳንዱ ረድፍ ላይ "ቀን አይደለም" ይላል። እሺ ብዬ ቀን ያልሆነውን ወደ ሌላ ፋይል እንዲለይ አደረግኩት፣ ሌላው ገባ። ከ18 ሺህ በላይ ረድፍ ገብቶ የተጣለው 200 እንኳ አይሞላም። አለቃዬ ሪፖርቱን አይቶ ደስ ብሎታል።

ግን የተጣሉት አላስተኙኝም። ከፋይሉ ላይ ጥቂቱን ልለጥፍ፦

30/02/2015
29/02/2015
30/02/2014
03/13/2014
05/13/2015
06/13/2015

ሁሉም መሃሉ 02 ወይ 13 ነው። ሌላ ወር አንድም የለም። የበለጠ ግራ ያጋባኝ ደግሞ 29/02/2015 ሲጣል 29/02/2016 ገብቷል። ፎርማቱ አንድ ነው፣ የጻፈውም ፕሮግራም አንድ ነው። ስፔስ አለ ብዬ ቆራረጥኩት፣ የለም። ምንድነው?

ሳቢያን24፦

የወርና የቀን ቦታ ተለዋውጦ ይሆናል። የአሜሪካን ፎርማት ይመስላል፣ 13 ቀኑ ነው። ወር/ቀን/ዓመት አድርገህ ሞክረው።

ከዚራ_ዳታ፦

ሞክሬዋለሁ። እንደዛ ሳደርገው 15/04 እና 22/07 የሚሉት በሺህ የሚቆጠሩ ይጣላሉ። 30/02ም አይድንም።

የመዝገብ_ሰው፦

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት ሒሳብ መዝገብ ይዤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ይህን ገጽ የምከታተለው ለልጄ ብዬ ነው። የለጠፍከውን ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እነዚህ ቀኖች ምንም አልሆኑም። 30/02/2015 ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው እንጂ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ አይደለም። 13ኛው ወር ጳጉሜ ነው። 06/13/2015 ጳጉሜ 6 ነው፣ 2015 ጳጉሜ ስድስት የሆነበት ዓመት ነበር። መዝገቡን የጻፈው ሰው አልተሳሳተም።

የጁገል_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔም ሦስቴ አንብቤው አላየሁትም ነበር።

ከዚራ_ዳታ፣ አሁን 29/02/2016 ለምን እንደገባ ግልጽ ነው። በፈረንጁ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት ነው፣ 2015 ግን የለውም። ስለዚህ ማሽኑ ጥቅምት 29ን በአንዱ ዓመት ተቀበለው፣ በሌላው ጣለው።

ግን ወንድሜ የተጣሉትን ለጊዜው ተዋቸው። እነሱ ደህና ናቸው። የሚያስፈራው የገባው 18 ሺህ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ እንደ ፈረንጅ ቀን ተነቧል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2015 ኤፕሪል 15 ቀን 2015 ሆኖ ተቀምጧል። ትክክለኛው ዲሴምበር 24 ቀን 2022 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደሃል ማለት ነው፣ ያውም ያለ አንድ ኤረር። የተጣሉት ረድፎች ባይኖሩ ማን ያውቅ ነበር?

አለቃህ ሪፖርቱን አይቶ ያላስተዋለውም ስክሪኑ ላይ 2015 የሚል ስላየ ነው። እኛ 2015 ስናይ የራሳችንን ነው የምናስበው። ማሽኑ ግን የኛን አያውቅም። የሐረሩን ቀን አይተኸዋል? እሱ ማይኤስኪውኤል ውስጥ እውነተኛ ዴት ከሆነ በፈረንጅ ነው የሚሆነው።

ከዚራ_ዳታ፦

አየሁት። ደነገጥኩ። የሐረሩ 2022 እና 2023 ላይ ነው ያለው፣ የድሬው ከ2014 እስከ 2016 ላይ። በአንድ ሳምንት የተሸጠ ስኳር በሪፖርቱ ላይ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለው። የሁለቱ ድምር ተብሎ የቀረበው ድምር አይደለም። ነገ ጠዋት ለአለቃዬ ራሴ እነግረዋለሁ። አሁን እንዴት ልቀይረው?

የጁገል_ልጅ፦

የጻፉልህን ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጥ፣ እንዳትነካው። አጠገቡ ሌላ ኮለም ጨምርና የፈረንጁን ቀን እዛ ጫን። ነገ ጥያቄ ቢነሳ ደረሰኙ ላይ ያለውን ማየት አለብህ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከጳጉሜ በቀር የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ያቀለዋል። ዓመቱን በ365 አባዛ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምርበት፣ ወሩን በ30 አባዝተህ ደምር፣ ቀኑን ደምር። ከሚወጣው ላይ 736009 ቀንስ። የቀረውን ያህል ቀን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ላይ ጨምር። 736009 ከየት መጣ ካልከኝ የመስከረም 1 ቀን 2015 ቁጥር ነው፣ ያ ቀን ደግሞ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ነው።

ያንተን ጥቅምት 30 ቀን 2015 እንሞክረው። 2015 በ365 ሲባዛ 735475። ለ4 ሲካፈል 503። ሁለት ወር በ30፣ 60። ቀኑ 30። ድምሩ 736068። 736009 ሲቀነስ 59። ከሴፕቴምበር 11 ላይ 59 ቀን ስትቆጥር ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ትደርሳለህ። የግድግዳ ካላንደር ካለህ አመሳክረው።

ፖስትግሬስ ውስጥ አንድ ፈንክሽን አድርገህ ጻፈው፣ ጆቡም ሪፖርቱም ሌላውም ከዛው ይጥራ። በሦስት ቦታ ከጻፍከው አንድ ቀን አንዱ ይለያል። ጃቫ ውስጥ መቀየር ከፈለግክ ደግሞ አይሲዩ ፎር ጄ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካላንደር ይዟል።

የመዝገብ_ሰው፦

ስሌትሽ ልክ ነው ልጄ፣ በእጄ ሠርቼ አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምሪበት። ጳጉሜ 6 የሚኖረው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው። 2011፣ 2015፣ 2019። በሌላ ዓመት ጳጉሜ 6 ተጽፎ ከተገኘ ስህተት ነው፣ ይህ ስሌት ግን ዝም ብሎ መስከረም 1 ያደርገዋል።

የጁገል_ልጅ፦

እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ያልፈው ነበር። ከመቀየሩ በፊት ይፈተሽ፦ ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30፣ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ1 እስከ 5፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ እስከ 6። ያላለፈው ወደ ጎን ይለይ።

እግረ መንገዴን፣ ታለንድ የሚሠራው በጃቫ ስለሆነ ይህን እወቅ። ሲምፕል ዴት ፎርማት የሚባለው የጃቫ መሣሪያ ካልከለከልከው ለስላሳ ነው። 13ኛ ወር ስትሰጠው ኤረር አይልህም፣ የሚቀጥለው ዓመት ጃንዩወሪ ያደርገዋል። 06/13/2015 ጃንዩወሪ 6 ቀን 2016 ይሆናል። ያንተ ጆብ መጣሉ ነው ያዳነህ። ሴት ሊኒየንት የሚለውን ሁልጊዜ ፎልስ አድርጉት። ፖስትግሬስም ቱ ዴት የሚባለው ፈንክሽኑ ከ10 በፊት ባሉት ቨርዥኖች እንደዚሁ ያልፍ ነበር፣ ከ10 ወዲህ ግን ይጮሃል።

ሳቢያን24፦

ይህን ክር አንብቤ የራሴን ዳታ ሄጄ አየሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። የኔ ሰዓት ነው የተበላሸው። የጥበቃ መዝገብ ላይ 3:30 የሚለው የኛ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሲስተሙ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል አድርጎ ይዞታል። ስድስት ሰዓት ልደምርበት?

አሸዋ_ኔት፦

ቀን ወይስ ማታ የሚል ነገር ተጽፏል? ካልተጻፈ 3:30 ጠዋትም ምሽትም ሊሆን ስለሚችል መደመሩ ብቻውን አያድንህም። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ቀኑም ይሻገራል። እኛ ሌሊት ሰባት ሰዓት ስንል ብዙ ጊዜ የትናንቱን ቀን ነው የምንጽፈው፣ በፈረንጁ ግን አዲስ ቀን ገብቷል። ታይም ዞን ሴቲንግ በመቀየር ለመፍታት እንዳትሞክር፣ ሌላውን ትክክለኛ ሰዓት ሁሉ ያበላሽብሃል።

ከዚራ_ዳታ፦

የቀኑ ጉዳይ እየተስተካከለ ነው። ፈንክሽኑን ጽፌ እንደገና እየጫንኩ ነው። እስከዛ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የደንበኞች ስም ፖስትግሬስ ውስጥ "?????" ሆኖ ገባ፣ ሁሉም አይደለም፣ ግማሹ። ሁለተኛ፣ የስልክ ኮለሙ ላይ "ፎር ኢንፑት ስትሪንግ" እያለ ይሞታል።

የጁገል_ልጅ፦

ስሙን መጀመሪያ ምንጩ ላይ ሄደህ እየው። አሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ራሱ ጥያቄ ምልክት ከሆነ አልቋል፣ ፊደሉ ሲጻፍ ነው የጠፋው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ ቫርቻር የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ከሆነ በተለመደው ቅንብሩ አማርኛን አይዝም፣ ኤንቫርቻር መሆን አለበት። ኮለሙ ኤንቫርቻር ሆኖም ፕሮግራሙ ሲጽፍ ከጽሑፉ ፊት ኤን የምትለዋን ፊደል ካላደረገ ያው ይጠፋል። ግማሹ ብቻ የጠፋው ፕሮግራሙ ሁለት የተለያየ የመመዝገቢያ ገጽ ስላለው ይሆናል። የጠፋውን ከወረቀት ከመመለስ በቀር መንገድ የለም፣ አዝናለሁ።

ምንጩ ላይ ደህና ከሆነ ግን ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፣ የጆቡን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 አድርገው። መሃል ላይ ሌላ ዳታቤዝ ካለ የኮለሙን ርዝመትም አስብ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። በባይት የሚቆጥር ዳታቤዝ ላይ 20 ብለህ የሰጠኸው ስድስት ፊደል ብቻ ነው የሚይዝልህ። ፖስትግሬስ በፊደል ስለሚቆጥር እዛ አትቸገርም።

የቅርንጫፍ ስምንም እይ። እኛ ጋ አንዱ ሐረር ይላል፣ ሌላው ሀረር። ድሬዳዋም ተገጥሞም ተለያይቶም ይጻፋል። ለዓይን አንድ ነው፣ ለዳታቤዝ ግን ሌላ ቃል ነው፣ ሁለት ቴብል ጆይን ስታደርግ (ስታገናኝ) አይገናኝም። ለቅርንጫፎቹ ኮድ ስጣቸው፣ በስም አታገናኝ።

አሸዋ_ኔት፦

ስልክ ቁጥር አይደለም በቃ! ማንም ደምሮት አያውቅም። ጽሑፍ አድርገው። ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ካደረግከው የድሬና የሐረር መደበኛ ስልክ 025 ላይ ያለው ዜሮ ይወድቃል። በ251 የሚጀምረውን 12 አሃዝ ደግሞ ኢንቲጀር አይችለውም፣ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። አንዱ ሰው ስልኩ መሃል ሰረዝ ወይ ስፔስ ከጨመረ ያ ኤረር ይመጣል። ብሩን ደግሞ በፍሎት እንዳትይዘው፣ ሳንቲሙ ይንሸራተታል። ኒውመሪክ አድርገው፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ።

ከዚራ_ዳታ፦

ሁሉም ገባኝ። ስሞቹ ምንጩ ላይ ናቸው የጠፉት፣ እንዳልሽው። ከደረሰኝ ፓድ ላይ እየመለስን ነው፣ መጋዘን ጠባቂው ይረዳኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ የሐረሩ ኮኔክሽን መሃል ላይ ተቋረጠ። ጠዋት ጆቡን እንደገና ሳስነሳው የገባው ረድፍ ሁለቴ ገባ። በየቀኑ እየሰረዝኩ ልጀምር?

የጁገል_ልጅ፦

መሰረዝ አያስፈልግም። በቀጥታ ወደ ዋናው ቴብል አትጫን። መጀመሪያ ማረፊያ ቴብል ላይ አውርደው፣ ሙሉ መሆኑን ስታረጋግጥ ወደ ዋናው አሻግረው። ስታሻግር የቅርንጫፉን ኮድና የደረሰኝ ቁጥሩን አንድ ላይ ቁልፍ አድርገህ፣ ፖስትግሬስ ላይ ኦን ኮንፍሊክት የሚለውን ተጠቀም። ያለው ይታደሳል፣ የሌለው ይገባል። ጆቡ አሥር ጊዜ ቢነሳ ውጤቱ አንድ ነው። ከ9.5 ጀምሮ አለ።

ከዚራ_ዳታ፦

ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ውጤቱን ሳልነግራችሁ መጥፋት አልፈለግኩም። ጆቡ በየማታው ይሄዳል። የሁለቱ ቅርንጫፍ ሽያጭ በትክክለኛው ቀን ተገናኝቷል። ጋሼ ያሉኝን ፍተሻ ጨምሬ ስጭን አንድ ረድፍ ብቻ ተለየ፦ 06/13/2016። በ2016 ጳጉሜ 6 የለም። ፓዱን ሄጄ አገላበጥኩ፣ ካርቦኑ ደብዝዟል ግን ይነበባል፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው የሚለው። ለበዓሉ ዋዜማ ጤፍና ዘይት ነው የተሸጠው፣ ያስገባው ልጅ አዲሱን ዓመት አስቀድሞ ጽፎታል።

የመዝገብ_ሰው፦

ጎበዝ ልጄ። ከሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ደረሰኞችም እያቸው። በዛ ሰሞን 2016 ብሎ መጻፍ የጀመረው በዚያች አንዷ ላይ ብቻ አይመስለኝም። የጳጉሜ 4 እና 5ቱን ፍተሻው አይዝልህም፣ በ2016ም አሉና።

ከዚራ_ዳታ፦

አየኋቸው ጋሼ። ሦስት ሌሎች ነበሩ፣ ሁለቱ ጳጉሜ 5፣ አንዱ ጳጉሜ 4። አራቱንም ከፓዱ ጋር አመሳክሬ አስተካክያለሁ።